ከመካከል ጠይቁት

«ቋንቋ ያወቀ በሰው አገር አይጠፋም» ይላሉ። ሐሰት ነው። እኔ የሰው ቋንቋ አጥንቼ የጠፋሁት በገዛ አገሬ፣ ከእንጦጦ ሳልወርድ ነው። «ግዕዝ የሚያውቅ ዐረብኛን ግማሹን ያውቀዋል» የሚሉም አሉ፤ እነዚህ ሁለቱንም የማያውቁ ናቸው። ውሃን ያኛው «ማይ» ሲል ይህኛው «ሞያ» ስላለ ብቻ ከግመል ነጂ ጋር የሚግባባ የሚመስለው ሰው፣ ግመል ነጂ አጋጥሞት አያውቅም። እኔም አላጋጠመኝም ነበርና አመንኩ። ያ ጥናት ያሳጣኝን ነገር ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ያን ጊዜ የንጉሡ ግቢ ገና እንጦጦ ራስ ላይ ነበር። ንፋሱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ በቅርብ ያለው ጥድና ወይራ ተቆርጦ ስላለቀ ማገዶ ከሩቅ ይመጣል። እኔ በአንድ ሹም ቤት ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ሹሙ ማንበብ ስለማይችሉ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸውም የራሳቸውን ቃል ሲሰሙ በራሳቸው ይደነቃሉ። ዕድሜዬ ከሠላሳ አልፏል። ያነበብኩት ብዙ ነው፤ ያየሁት ግን ከየካ እስከ እንጦጦ ያለውን ብቻ ነው።

ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን የሞተችው እኔ ገና አፌን ሳልፈታ ነው። እህቴ የካ ሚካኤል ሥር ባለችው ጎጇችን ለሰው ጥጥ እየፈተለች ፊደል አስቆጠረችኝ። ባሏ ዘመቻ ሄዶ ሲቀር ቆብ ደፋች፤ እኔ ትምህርቴን ልጨርስ ስል ደግሞ ከመነኮሳት ጋር በእግሯ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች። ስትሄድ አላለቀሰችም። «ራስህን ስትችል ና» ብቻ አለችኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ተሳላሚ አፍ መልእክት ደረሰኝ፦ «ዓይኔ እየደከመ ነው። ሳይጨልምብኝ ፊትህን ልየው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢየሩሳሌም ሲባል ትዝ የሚለኝ መቃብሩም፣ ደብሩም አልነበረም፤ እየደከሙ ያሉ ሁለት ዓይኖች ነበሩ። ይህን በመጻፌ የሚቆጣ ካህን ካለ ይቆጣ።

በዚያው ዓመት፣ ሁለት ጊዜ ተሳልመው የተመለሱ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ለሦስተኛ ጊዜ ሊሄዱ ጓዝ ማሰናዳት ጀመሩ። በሐረር በኩል ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ በኢየሩሳሌም ላለው ገዳማችን የተላከ ስጦታ ያደርሳሉ። የቀድሞው አስተርጓሚያቸው በንዳድ ስለሞተባቸው፣ ደብዳቤ የሚጽፍና በዐረብኛ ዳቦና ውሃ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋሉ። አንድ ሰው ብቻ። «ከዐቢይ ጾም በፊት እፈትናለሁ» አሉ። ሹሜን ፈቃድ ስጠይቃቸው፣ «እሳቸው ከመረጡህ እለቅሃለሁ፤ ካልመረጡህ ብርዕህን ያዝ» አሉኝ። ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ቀበና ወንዝ ዳር ጓዛቸውን የሚያራግፉ አንድ የይፋት ነጋዴ ነበሩ። መካ ደርሰው ስለመጡ ሐጂ እንላቸዋለን። እኔ አቤቱታቸውን እጽፍላቸዋለሁ፣ እሳቸው ዐረብኛ ይነግሩኛል። የነገሩኝን በእኛው ፊደል በብራና ቁራጭ ላይ አሰፈርኩ። መጀመሪያ ሰላምታ፤ ቀጥሎ ኹብዝ፣ ዳቦ፤ ሞያ፣ ውሃ፤ ሚልሕ፣ ጨው፤ ጀመል፣ ግመል፤ ቢከም፣ በስንት ነው፤ ጋሊ፣ ተወዷል፤ እንዲህ እያለ መቶ ሃያ ደረሰ። የመጨረሻውን ለምኜ ነው ያስጨመርኩት፦ ወይን ኡኽቲ፣ እህቴ የት ናት።

ከዚያ የማውቀውን አደረግሁ። የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሚያውቀው የጥናት መንገድ አንድ ነው። መምህር በቃል ይሰጣል፣ ተማሪ በቃል ይቀበላል፤ በዜማ ይሸመድደዋል፤ ከራሱ ተነሥቶ ሳይሰናከል እስከ እግሩ ይወርዳል። መቶ ሃያውን ቃል በዜማ አሰካሁት። ዳቦውን ዝቅ፣ ውሃውን ከፍ፣ ግመሉ ላይ ሳብ አድርጌ፣ «በስንት ነው» ላይ ትንፋሽ እወስዳለሁ።

ሐጂ ሲሰሙኝ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አንተ ደብተራ፣ ግመል ልትገዛ ነው ወይስ ሙት ልትፈታ?»

«በቃል መያዝ እንዲህ ነው፣ ሐጂ።»

«ይሁንልህ። ግን ገበያ ላይ ግመሉ በተራ አይመጣም። ጨው ሳትቀምስ ግመል መጥራት ልመድ።»

ይህን ምክር ሰማሁና ናቅሁት። ስለ ትምህርት ከነጋዴ የምማረው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ይህን ሁሉ ከቅርብ የሚያይ አንድ ሰው ነበር፤ ከየካ ሚካኤል የተማሪነት ዘመን ጀምሮ ባልንጀራዬ የነበረ። በአንድ ደበሎ ተኝተናል፣ በአንድ አኩፋዳ ቁራሽ ለምነናል፣ አንድ ውሻ ሁለታችንንም ነክሶናል። እህቴ ለእኔ ጥሬ ስትቆላ የእሱን ድርሻ ለይታ በቅል ታስቀምጥለት ነበር። አሁንም በዚያው ሹም ቤት አብረን እንጽፋለን። መነኩሴው ሰው እንደሚፈልጉ ሲሰማ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱን እያሻሸ፣ «እኔ ለመንገድ አልተፈጠርኩም። ይህ እግር ቀበናም አያደርሰኝ። አንተ ሂድ፤ እኔ አስጠናሃለሁ» አለኝ።

አስጠናኝም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ከአዳራሹ ጀርባ ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን። እሱ ብራናውን ይይዛል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እወርዳለሁ። ስሳሳት ጉልበቴን በጣቱ መታ ያደርገዋል፣ ልክ ልጆች ሳለን መምህራችን ፊት ከመቅረባችን በፊት እንደምናደርገው። ጥሩ ጠዋቶች ነበሩ። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ጥሩ ነበሩ።

አንድ ጠዋት የሐጂ ነገር ከነከነኝ። ፊደል ስንቆጥር፣ ሀ ሁ ሂን በተራ የሸመደደ ልጅ ያወቀ መስሎ እንዳያታልል፣ መምህራችን አቡጊዳን፣ ማለትም ተራው የተዘበራረቀውን ፊደል ያስቆጥሩን ነበር። «ለዐረብኛውም አቡጊዳ ልሥራለት» አልኩት ባልንጀራዬን። «ተራውን ላፍርሰውና ከመካከል እየነጠልክ ጠይቀኝ።»

ብራናውን ጭኑ ላይ አደረገና ቁርጭምጭሚቱን አሻሸ። ከዚያ፣ «ተው ወንድሜ» አለ። «ጥቂት ቀን ቀርቶህ የረጋውን ለምን ታደፈርሰዋለህ? አባ እንደኛው የቃል ተማሪ ናቸው፤ ‹በል ጀምር› ነው የሚሉህ። ወዲያ ወዲህ ስትል ያለህንም ትበትነዋለህ።»

«ሐጂ ግን…»

«ሐጂ ግመላቸውን ይሽጡ። ትምህርትን ለኛ ይተዉ።»

ሳቅን። ከራሱ ጀመርኩ።

ፈተናው በመነኩሴው ድንኳን ደጃፍ ሆነ። ሹሙም፣ የግቢ ሰዎችም፣ ሥራ የፈታ ሁሉ ከቦ ቆሟል። ባልንጀራዬ ከኋላዬ ነው። እኔ ትንፋሼን ሰብስቤ «በል ጀምር» እስክባል እጠብቃለሁ።

መነኩሴው በመቋሚያቸው ድንኳኑ ጥግ የተኛ አንድ አገልጋይ አሳዩኝ። «በረሃ ላይ ነን። ይህ ሰው ታሟል። ‹በሽተኛ አለን፣ ማደሪያ ስጡን› በልልኝ።»

«በሽተኛ» የሚለው ቃል በእኔ ዜማ ከሰባ በኋላ ነው። ከራሱ ካልተነሣሁ አላገኘውም። ከንፈሬ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሰላም፣ ኹብዝ፣ ሞያ፣ ሚልሕ…

«ምን ይላል?» አሉ መነኩሴው።

«እየጸለየለት ነው» አለ ከኋላ አንዱ።

ሳቁ ከዜማው አወጣኝ። ግመል ላይ ነበርኩ መሰለኝ፤ ጠፋብኝ። እንደገና ከሰላም ጀመርኩ። የተኛው አገልጋይ እንኳን ቀና ብሎ ያየኝ ጀመር።

«ልጄ፣» አሉ መነኩሴው፣ «አንተ እዚያ እስክትደርስ እኛ ቀብረነዋል።» ሹሜ ከሁሉ ይበልጥ ሳቁ። ከዚያ መነኩሴው መቋሚያቸውን ከትከሻዬ በላይ አሳልፈው፣ «በል አንተ» አሉ።

ወደ ማን እንደሆነ ለማየት ዞርኩ። ባልንጀራዬ ወደ ፊት ሲመጣ አየሁት። አላነከሰም። በሽተኛውን መለሰ። ማደሪያውን መለሰ። «ውሃው ጨው ጨው ይላል በል» አሉት፣ አለ። የእኔን ቃላት፣ ከእኔ አፍ የሰማቸውን፣ አንድ በአንድ እየነጠለ እንደ ጥሬ ቆረጠማቸው።

መነኩሴው ሊያጽናኑኝ ፈልገው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ። «ባልንጀራህ ‹ከመካከል ጠይቁት፣ ከራሱ ካልጀመረ አይሆንለትም› ሲለኝ ምቀኝነት መስሎኝ ነበር። ለካ እውነቱን ኖሯል። ከበረሃ ሞት ያተረፈን እሱ ነው፤ አትቀየመው» አሉኝ።

በማግስቱ እሱ ተቀምጦ ከሚጽፍበት ምንጣፍ ሥር አንድ የብራና ቁራጭ አገኘሁ። መቶ ሃያው ቃል በእሱ እጅ ተጽፏል፣ ተራው ፈርሶ። አቡጊዳውን ለራሱ ሠርቶት ኖሯል።

ሊሄድ ሲል ሊሰናበተኝ መጣ። ዓይኑን አልሰበረም። «ለሁለታችን የሚሆን ቦታ አልነበረም» አለ። ልሰድበው ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፣ እሱም በተራ የተሸመደደ። ግን እህቴ ትዝ አለችኝና ዋጥኩት። «እሷን ፈልጋት። ‹ወንድምሽ ደኅና ነው፣ ጊዜ ጠብቆ ይመጣል› በልልኝ» አልኩት።

«እናቴን እንደምፈልግ እፈልጋታለሁ» አለ። በሚካኤል ማለ።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ተመለሰ። ግቢው ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርዶ ነበር፤ እኔም ወደ የካ ተመልሼ በእህቴ ጎጆ እኖራለሁ። ነጠላውን አዘቅዝቆ በደጄ ሲገባ ሳየው ሳይናገር ገባኝ።

«አረፈች» አለኝ። «እኔ ሳልደርስ። መቃብሯን ተሳልሜልሃለሁ።»

አብረን አለቀስን። እሱ ከእኔ ይበልጥ አለቀሰ። ተዝካሯን በየካ ሚካኤል አወጣሁ፤ ጠላው ተጠመቀ፣ ካህናቱ ፈቱ፣ ነዳያን በሉ። ባልንጀራዬ ከካህናቱ ጎን ተቀምጦ በላ፤ ጠላውን ቀምሶ «መልካም ተጠምቋል» ብሎ እንዳስደገመ አስታውሳለሁ። በዚያ ቀን ይቅር አልኩት። መቃብሯን ያየ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ልጠላው አልቻልኩም። ከዚህ ሁሉ ነገር መልሼ ማግኘት የምፈልገው ያን ይቅርታ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚካኤል በዓል፣ ከኢየሩሳሌም የተመለሱ አንዲት መነኩሲት በደብሩ ቅጥር ውስጥ ሴቶች ከበዋቸው ወሬ ይጠይቋቸዋል። አንዷ ጎረቤቴ ወደ እኔ እያመለከተች፣ «እማሆይ፣ ይህ የዚያች የየካዋ መነኩሲት ወንድም ነው» አለቻቸው።

እማሆይ አማተቡ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«በስመ አብ! አንተማ ሞተሃል።»

«ማን አለ፣ እማሆይ?»

«እህትህ ናታ። ያ እግሩን የሚያሻሸው አስተርጓሚ ነው የነገራት። ሰባት ቀን መሬት ላይ ተኛችልህ። ለተዝካርህ የባቄላ ንፍሮውን የቀቀልኩት እኔ ነኝ።»

የቆምኩበትን ድንጋይ አስታውሰዋለሁ፤ ከላዩ ላይ ዝናብ የሞላው ጎድጓዳ ነበረው። «እህቴ አለች ማለት ነው?» አልኩ።

«ስመጣ አፏ ሞልቶ ስትጣላኝ ነው የተውኳት። ዓይኗ ጠፋ እንጂ ምን ሆነች?»

«ዓይኗ መቼ ጠፋ?»

«አንተ ከሞትክ በኋላ» አሉ እማሆይ፤ ያሉትንም ራሳቸው ሰምተው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

በዚያው ቀን ወደ ፍልውሃ ወረድኩ። ባልንጀራዬ ግቢ አጠገብ አዲስ ቤት ሠርቶ፣ አስተርጓሚ ተብሎ፣ ደጁ ላይ ባለጉዳይ ይጠብቀዋል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ግባ፣ ተቀመጥ እንጂ።»

«የሞተ ሰው አይቀመጥም» አልኩት።

ባለጉዳዮቹን በእጁ አሰናበተ። ቁርጭምጭሚቱን ማሻሸት ጀመረ፤ ይህን የሚያደርገው ሲዋሽ ብቻ እንደሆነ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

«በር ላይ ጠብቃን ነበር» አለ በመጨረሻ። «ገና ጓዛችንን ሳናወርድ ‹የየካ ሰው አለ? የየካ ሰው አለ?› ትላለች። ድምፄን አወቀችው። እጄን ያዘችና ‹ወንድሜስ? ለምን አንተ መጣህ እሱ ሳይመጣ?› አለችኝ። ምን ልበላት? ቦታውን ቀማሁት ልበላት? ያበላችኝ ሴት ናት። አንድ ቃል ከአፌ አመለጠ።»

«እሺ፣ እኔን ገደልከኝ። እሷንስ ለምን ገደልካት?»

እንደ ሞኝ አየኝ። «አለች ብልህ መልእክት ትልክላት ነበራ!»

«ተዝካሯን በላህ።»

«ባልበላ ትጠረጥረኝ ነበር።»

እውነቱን ነው፣ እጠረጥረው ነበር። ሰው ሁሉ ይመታዋል ብሎ ቢጠብቅም አልመታሁትም። መምታት የሚገባው ሰው ሲገኝ እጅ ይነሣል ይላሉ፤ የእኔ አልተነሣም። ከቤቱ ወጥቼ የቀበናን ወንዝ ስሻገር ስለ እሱ አላሰብኩም። ሳስብ የነበረው ስለዚያች በር ላይ የቆመች ሴት ነው። እሱ ሲደርስ ዓይኗ ገና ጭላንጭል ነበረው፤ የቀረውን ብርሃን አሟጣ ያየችው ፊት የእሱን ነው።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ አለቀ፣ ሰውም ተከተለ፤ እማሆይም በዚያው አረፉ። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው ለብዙ ጊዜ አልተገኘም። እኔ ተረፍኩ፤ ጉልበቴ ግን አብጦ ቀረ፤ ከየካ ቀበና ለመውረድም በትር ይዤ ነው። ዘንድሮ መንገዱ ተከፍቶ ሰው እንደገና መሰናዳት ጀምሯል። ከጓዙ ጋር በቅሎ ላይ አስሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። «ደብተራ፣ አንካሳ ምን ይሠራልናል? ዐረብኛ የሚያውቅ እንደሆነ አለን» አሉኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ደብዳቤ ጻፍላት የሚሉኝ አሉ። ዓይን የላትም። ደብዳቤውን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው፤ እዚያ ደርሶ የሚያነብላትም እሱ ነው። ለሌሎቹ ተጓዦች ነገሩን ብነግራቸው ደግሞ የተከበረ አስተርጓሚን የሚያማ ምቀኛ እባላለሁ፤ አንድ ጊዜ ሞክሬ ተብያለሁም። ስለዚህ ይህን ጽፌ ማንበብ ለሚችል ሁሉ እሰጣለሁ።

አንተ የምታነበው፣ አዘኔታህን ለራስህ ያዝ፤ ምክርህንም አልፈልገውም። የምትሄድ ከሆንክ ገዳሙ ስትደርስ ከአስተርጓሚው ተነጥለህ ወደ ሴት መነኮሳቱ ቤት ግባ። የየካዋን ዕውር መነኩሲት ጥራልኝ። ካረፈች አርፋለች በለኝ፣ ግን መቃብሯን በዓይንህ ሳታይ አትመለስ። ካለች እጇን ያዝና «ወንድምሽ አልሞተም» በላት። አታምንህም። ደግመህ ንገራት።